በሁለት እርምጃዎች መካከል የቀረ ክፍተት፦ የ«ደርቲ ካው» ተጋላጭነት በሊኑክስ ከርነል

ብዙ ተመራማሪዎች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት ቤተ ሙከራ፣ የአንዱን ፋይል ከሌላው የሚጠብቀው የስርዓተ ክወናው አስኳል የሆነው ከርነል ነው። ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ይፋ የሆነውንና በተለምዶ «ደርቲ ካው» የሚባለውን የማህደረ ትውስታ አያያዝ ተጋላጭነት (ሲቪኢ-2016-5195) መነሻ በማድረግ፣ ጥበቃው እንዴት ሊጣስ እንደቻለ ያስረዳል።

«ካው» የሚለው ስያሜ «ሲጻፍበት ቅዳ» ለሚባለው አሠራር የሚያገለግል የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። በዚህ አሠራር ሁለት ሂደቶች አንድን ገጽ እስካነበቡት ድረስ በጋራ ይጠቀሙበታል። አንደኛው ሊጽፍበት ሲሞክር ግን ከርነሉ የግል ቅጂ አዘጋጅቶ ጽሑፉን ወደ ቅጂው ይመራዋል። በዚህም ማህደረ ትውስታ ይቆጠባል፤ ዋናው ገጽም ሳይነካ ይቀራል።

ችግሩ የተፈጠረው ቅጂውን በማዘጋጀትና በቅጂው ላይ በመጻፍ መካከል ነው። አጥቂው ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል በግል ይዞታነት ወደ ማህደረ ትውስታ አስገብቶ ሁለት ክሮችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። የመጀመሪያው ክር በገጹ ላይ ለመጻፍ ይሞክራል። ከርነሉ ቅጂውን ካዘጋጀ በኋላ ጥያቄው የመጻፍ መሆኑን የሚያመለክተውን ምልክት አንሥቶ ገጹን ዳግም ይፈልጋል። በዚህች ቅጽበት ሁለተኛው ክር ገጹ እንደማያስፈልግ ለከርነሉ በማሳወቅ ቅጂውን ያስጥላል። ከርነሉ ቅጂውን ሲያጣ፣ የመጻፍ ምልክቱም ተነሥቷልና፣ ጥያቄውን እንደ ንባብ ቆጥሮ ዋናውን የፋይል ገጽ ያቀርባል፤ ጽሑፉም በእርሱ ላይ ያርፋል። በዚህ መንገድ ተራ ተጠቃሚ የስርዓቱን ፋይሎች ለውጦ የአስተዳዳሪነትን ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ስህተቱ በመካከላቸው ምንም እንደማይለወጥ መታሰቡ ነው።

ተጋላጭነቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው 2.6.22 እትም ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ቆይቷል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2016ቱ ጥገና መግለጫ ላይ እንዳሰፈረው፣ ችግሩን ከ11 ዓመታት በፊት ለማረም ሞክሮ ነበር፤ ይሁንና እርማቱ በኤስ390 ኮምፒውተሮች ላይ እክል በማስከተሉ ተነሥቷል። አዲሱ ጥገና የመጻፍ ምልክቱን አያነሳም። ቅጂ መዘጋጀቱን የሚያሳይ ሌላ ምልክት ይጨምርና ቅጂው አሁንም መኖሩን ያረጋግጣል። ይህም ቢሆን የተሟላ አልነበረም፤ በ2017 በግዙፍ ገጾች አያያዝ ላይ ተዛማጅ ክፍተት ተገኝቶ ሌላ እርማት አስፈልጓል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ትሬንድ ማይክሮ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ደርቲ ካውን የሚጠቀም «ዝኒዩ» የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ማግኘቱን አስታወቀ። ጥገናው ከወጣ አንድ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ሆኖም ያልደረሳቸው ስልኮች ነበሩ።

በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ የጋራ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ተመራማሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ከርነልን በተለመደው መንገድ ማዘመን ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሰርቨሩ ዳግም እስኪነሳ ድረስ የሚሠራው አሮጌው ከርነል ነው። ለቀናት የሚዘልቅ ስሌት እንዳይቋረጥ ዳግም ማስነሳቱን ማዘግየት ደግሞ የአደጋውን ዕድሜ ማራዘም ነው። አከፋፋዮች ጥገናን ወደ ቀደሙ እትሞች ስለሚመልሱም፣ ከእትም ቁጥሩ ይልቅ የአከፋፋዩን የደኅንነት ማስታወቂያ መመልከት ይገባል።