በአሜሪካ ኮሌጆች የትግል ቡድን አሰላለፍና የተማሪ ስፖርተኞች የብቁነት ደንብ

በውጭ ሀገር በስፖርት የነጻ ትምህርት ዕድል ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ብዙውን ጊዜ ትኩረታቸው በቪዛና በትምህርት ክፍያ ላይ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ግን ከእነዚህ ቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ተማሪው ለኮሌጁ መወዳደር የሚችልበት ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በኮሌጅ የትግል ስፖርት አማካይነት ያብራራል። ከሀገራችን ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የሚሄዱት ስፖርተኞች በአብዛኛው ሯጮች መሆናቸው የታወቀ ነው። ትግል የተመረጠው በቡድኑ ውስጥ ያለው የተሰላፊ ቦታ ቁጥሩ የማይለወጥ ስለሆነና የደንብ ለውጥ በማን ላይ እንደሚያርፍ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩና ልጆቻቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በትግል የሚወዳደሩ ቤተሰቦችም ይጠቀሙበታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮሌጅ ስፖርትን ከሚመሩት አካላት ትልቁ በምሕጻረ ቃል ኤንሲኤኤ የሚባለው ብሔራዊ የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር ነው። በማኅበሩ ሥር የወንዶች ትግል በአሥር የክብደት ምድቦች ይካሄዳል። ዝቅተኛው ምድብ እስከ 125 ፓውንድ (57 ኪሎ ግራም ገደማ)፣ ከፍተኛው እስከ 285 ፓውንድ (129 ኪሎ ግራም ገደማ) ነው። ሁለት ኮሌጆች ሲገናኙ በየምድቡ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ታጋይ ብቻ ይሰለፋል። የተጋጣሚውን ትከሻዎች መሬት አስነክቶ የረታ ለቡድኑ 6 ነጥብ፣ በጠባብ የነጥብ ልዩነት ያሸነፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያስገኛል። በአንድ ምድብ ተሰላፊ ያጣ ቡድን ያለ ውድድር 6 ነጥብ ለተጋጣሚው ይለቃል። ስለሆነም አሠልጣኙ አሥሩን ሰዎች ሲመርጥ ጥንካሬን ብቻ ሳይሆን ማን በየትኛው ክብደት ቢገባ ክፍት ቦታ እንደማይኖር ጭምር ይመለከታል። ታጋዩም እንዳሻው ክብደት ቀንሶ ወደ ታችኛው ምድብ መውረድ አይችልም። በ1997 ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በጥቂት ቀናት ክብደት ለመቀነስ ሲጥሩ ሕይወታቸው በማለፉ ደንቡ ጠብቋል፤ ዛሬ የእያንዳንዱ ታጋይ የሰውነት የውሃና የስብ መጠን ተለክቶ ሊወርድበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት አስቀድሞ ይወሰናል።

እስከ 2025–26 የውድድር ዘመን ሲሠራበት በቆየው የአንደኛ ዲቪዚዮን ደንብ መሠረት አንድ ተማሪ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን መወዳደር ይችላል። የምትተርፈዋን አንድ ዓመት ብዙዎች የሚጠቀሙባት ሳይወዳደሩ ለመሠልጠን ነው፤ ይህም ሬድሸርት ይባላል። ለወታደራዊ አገልግሎት፣ ለእርግዝናና ለመሰል ጉዳዮች የሚሰጡ ማራዘሚያዎች ቢኖሩም በማመልከቻና በማስረጃ የሚታዩ ናቸው።

ይህን ቆጠራ በእጅጉ የለወጠው የኮቪድ ወረርሽኝ ነው። ማኅበሩ በ2020–21 የክረምት ስፖርቶች ይወዳደሩ ለነበሩ ተማሪዎች ያ ዓመት እንዳይቆጠርባቸው ወሰነ። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ታጋይ ካርተር ስታሮቺ ውሳኔው ያስከተለውን ውጤት በሚገባ ያሳያል። ስታሮቺ የመጀመሪያ ዓመቱን በሬድሸርት ካሳለፈ በኋላ ከ2021 እስከ 2024 በ174 ፓውንድ አራት ጊዜ ተከታትሎ የሀገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆነ፤ በተጨመረው ዓመት ደግሞ በ2025 ወደ 184 ፓውንድ ወጥቶ አምስተኛውን ድል አገኘ። በአንደኛ ዲቪዚዮን ትግል ታሪክ አምስት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። በዚያው ዓመት የ157 ፓውንድ ሻምፒዮን የነበረው የቡድን ጓደኛው ሌቪ ሄይንስ ስታሮቺ በለቀቀው 174 ፓውንድ ተሰለፈ። የቡድኑ አሥሩም ታጋዮች ከአንድ እስከ ስምንት ባለው ደረጃ ውስጥ አጠናቀው 177 ነጥብ በመሰብሰብ የውድድሩን ክብረ ወሰን አሻሽለዋል።

ውጤቱ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ለአንዱ ዓመት ሲጨመርለት አሥሩ ቦታዎች አሥራ አንድ አልሆኑም። በየኮሌጁ ነባሩ ታጋይ አንድ ዓመት ሲቆይ ከኋላው ተራ ይጠብቅ የነበረው ወጣት ክብደት መቀየር፣ መጠበቅ ወይም ወደ ሌላ ኮሌጅ መዛወር ግድ ሆኖበታል። የጠባቂው ቆጠራ ደግሞ አይቆምም። ከ2024 ጀምሮ በትምህርታቸው ብቁ የሆኑ ተማሪዎች ያለ ገደብ እየተዛወሩ ወዲያውኑ መወዳደር ስለተፈቀደላቸው፣ አዲስ ገቢ ተማሪ የሚፎካከረው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሌላ ኮሌጅ ከሚመጡ የ22 እና የ23 ዓመት ታጋዮች ጋርም ነው።

ለሀገራችን አመልካቾች ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው የአምስት ዓመቱ ቆጠራ የሚነሣበት ቀን ነው። በተጠቀሰው ደንብ መሠረት ቆጠራው የሚጀምረው ተማሪው አሜሪካ ሲደርስ ሳይሆን በየትኛውም ሀገር በሚገኝ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በመደበኛ የሙሉ ጊዜ ተማሪነት ሲመዘገብና ትምህርት ሲጀምር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፎ፣ የውጭው ዕድል እስኪሳካ ድረስ በማለት በሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት የተማረ ወጣት ከአምስቱ ዓመታት አንዱን ያለ ውድድር ጨርሷል ማለት ነው። ይህ ማለት በሀገር ውስጥ መማር ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ለአብዛኛው ተማሪ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ውሳኔው ግን ታውቆ መወሰን አለበት። ኮሌጅ ሳይገቡ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ በተደራጁ ውድድሮች ለዓመታት መሳተፍም የውድድር ዘመን ሊያስቀንስ ይችላል።

በሰኔ 2025 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሃውስ በሚል ስም የሚታወቀውን የስምምነት ውሳኔ አጽድቋል። ውሳኔውን የተቀበሉ ኮሌጆች ከገቢያቸው ለተማሪ ስፖርተኞች በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። ቀደም ሲል በአንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን የትግል ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ድጋፍ ከ9.9 ሙሉ የነጻ ትምህርት ዕድል እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር። አሁን ያ ገደብ ተነሥቶ በምትኩ የቡድኑ አባላት ብዛት ከ30 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ነገሩ ለሰሚ ሠላሳ ዕድል ይመስላል፤ እንደዚያ አይደለም። ሠላሳው ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ኮሌጁ ምን ያህሉን እንደሚደግፍ የሚወስነው በራሱ በጀት ነው፤ ከዚህ ቀደም ያለ ድጋፍ በአባልነት ይሠለጥኑ የነበሩ ተማሪዎችም በገደቡ ምክንያት ከዝርዝር ሊወጡ ይችላሉ። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የሚገኙ ዜጎች ደግሞ ያለ ፈቃድ ከኮሌጁ ቅጥር ውጭ ሠርተው ገቢ ማግኘት የተከለከለ መሆኑን ተገንዝበው፣ ማናቸውንም የክፍያ ውል ከመፈረማቸው በፊት የኮሌጁን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ማማከር ይኖርባቸዋል።

ደንቡ በማኅበሩ ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤትም ይለወጣል። በታኅሣሥ 2024 የሁለት ዓመት ኮሌጅ ቆይታው የተቆጠረበት አንድ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ከስሶ የእግድ ትእዛዝ አግኝቷል፤ ማኅበሩም ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ለነበሩ ስፖርተኞች ለ2025–26 ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጥቷል። በአምስት ዓመት አምስት የውድድር ዘመን ይፈቀድ የሚለው ሐሳብም ለውይይት ቀርቧል። በመሆኑም ከሁለት ዓመት በፊት የሄደ ዘመድ ወይም ጓደኛ የነገረን ለዛሬ አመልካች ላይሠራ ይችላል። ለሴቶች ልጆች በአንጻሩ አዲስ በር ተከፍቷል፤ የሴቶች ትግል በጥር 2025 የማኅበሩ ይፋዊ የሻምፒዮና ስፖርት ሆኖ ጸድቆ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ለ2026 ተይዞ ነበር።

አመልካቾች የትምህርት ማስረጃቸውን በዋናው ቋንቋና በእንግሊዝኛ ትርጉም አዘጋጅተው በማኅበሩ የብቁነት ማዕከል ራሳቸው መመዝገብ አለባቸው። በሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገቡበት ጊዜ ካለ፣ ለአንድ ሴሚስተርም ቢሆን፣ መደበቅ የለበትም። ከኮሌጁም የሚሰጠው ድጋፍ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ እንደሚቋረጥ፣ እንዲሁም ተማሪው ስንት የውድድር ዘመን እንደሚቀረው በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ይጠይቁ። የአሠልጣኝ የስልክ ቃል ለዚህ አይበቃም። መልሱም እጃቸው መግባት ያለበት በሀገር ውስጥ ተቋም ከመመዝገባቸው ወይም የያዙትን ትምህርት ከማቋረጣቸው በፊት ነው።