ከገበታው የቀረው ሦስተኛ ሰው

መንግሥት ከባዕዳን ጋር የሚዋዋለውን ውል በምጸት ሥዕል የሚተች ሰው፣ ሰጪውንና ተቀባዩን በአንድ ገበታ ዙሪያ ለማስቀመጥ አይቸገርም፤ ጭንቁ በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሦስተኛውን ሰው የት እንደሚያኖረው ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ጊልሬይ በ1805 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ለሙያው አብነት የሆነው ሥዕል ይህን ያሳያል፤ የምድርን ሉል የመሰለ፣ እንፋሎቱ የሚትጐለጐል ጣፋጭ በመካከል ቀርቦ፣ ናፖሊዮን ከወንበሩ ብድግ ብሎ አውሮፓን በሰይፍ ሲገምስ፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒት ረጋ ብሎ ውቅያኖሱን ይቈርሳል፤ ከሚቈረሱት አገሮች ሕዝብ ግን በገበታው የተቀመጠ የለም።

በአገራችንም በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ሳንሱርን ከሻረ ወዲህ ካርቱን በጋዜጦች ገጽ ቦታ አግኝቷል፤ ለርእሰ ጉዳይም ጋምቤላን የሚያህል ስፍራ ጥቂት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚከራዩት መሬት ከ400 ሄክታር፣ የወንዙም ዳርቻ ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ እንዳይውል ተወስኖ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ለህንዱ ኩባንያ ለካሩቱሪ የተከራየው 100,000 ሄክታር ነው፤ ዘመኑ 50 ዓመት፣ ዋጋውም በሄክታር በዓመት 20 ብር፣ በድምሩ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ብር። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ የባሮ ሙላት የበቆሎውን ማሳ ዋጠው፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሲያፈርስ፣ ለማ ያለው 1,200 ሄክታር ብቻ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የተመቸ የሥዕል መድረክ ነው፤ ካርታ የያዘው ባለሀብት፣ ስለ ስደተኞች የሚመጣው የረድኤት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ የሚላከው ሹም በዚያው በር ይገባሉና። የመሬቱ ነዋሪ አኙዋው ግን በአገሩ ያለ ነውና፣ በመድረሻው በር ቢጠብቁት አይገኝም።

ባለሀብቱን በሆዱ ስፋት መሣል ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚረዳውን ለጋሽ መሣል ግን ብርቱ ማስተዋል ይጠይቃል። በመስከረም 2005 ዓ.ም. የአኙዋ ስደተኞች፣ የዓለም ባንክ የሚደግፈው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም መንግሥት ሕዝብን በመንደር ከሚያሰባስብበት ሥራ ጋር ተቈራኝቶ ጐድቶናል ሲሉ ለባንኩ መርማሪ ፓነል አቤት አሉ። ፓነሉ በሁለቱ መካከል የአሠራር ትስስር መኖሩን አገኘ፤ ተፈጸመ የተባለውን ማፈናቀል ግን በፕሮግራሙ አላሳበበም። እንዲህ ያለው ነገር፣ በጎ አድራጎትና በደል በአንድ ድር ተሸምነው ሲገኙ፣ ክፉን ከደግ በአንድ መስመር ለመለየት የለመደውን ብዕር ይፈትናል።

ስለዚህ ሦስተኛውን ሰው፣ ገበሬውን፣ በሥዕሉ ጥግ እንደ ምስኪን ማቆም ሥራውን አይጨርስም፤ በገበታው አስቀምጦ ስለ ሃያዋ ብር በራሱ አንደበት እንዲጠይቅ የሚያደርግ ካርቱን ግን፣ ሹሙንም፣ ባለሀብቱንም፣ ለጋሹንም መልስ ያስገድዳል።