ኩኪ፣ ተከታታዮችና የብሮውዘር መከላከያዎች

ኩኪ አንድ ድረ ገጽ በጎብኚው ብሮውዘር ውስጥ የሚያስቀምጠው አነስተኛ የጽሑፍ መረጃ ነው። የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ድረ ገጾች የትኛው ጎብኚ ቀደም ሲል እንደመጣ በራሳቸው ማስታወስ አይችሉም፤ ኩኪ ባይኖር ኖሮ ኢሜይሉን የሚያነብ ሰው ገጽ በቀየረ ቁጥር የይለፍ ቃሉን እንደገና ማስገባት ይኖርበት ነበር። ስለዚህ ኩኪን በጅምላ ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም።

ሥጋቱ የሚመጣው ከሦስተኛ ወገን ኩኪ ነው። አንድ የዜና ገጽ ሲከፈት ጽሑፉን የሚልከው የዜና ድርጅቱ ቢሆንም ማስታወቂያው፣ የ“ላይክ” ቁልፉና የጎብኚ ቆጣሪው ብዙውን ጊዜ ከሌሎች ኩባንያዎች ይመጣሉ፤ እነሱም የየራሳቸውን ኩኪ ያስቀምጣሉ። አንዱ የማስታወቂያ ኩባንያ በዜናው ገጽ፣ በጫማ መደብሩና በጤና ምክር ገጹ ላይ ስለሚገኝ፣ ያው ሰው ምን እንዳነበበ፣ ምን ለመግዛት እንዳሰበና ስለየትኛው ሕመም እንደጠየቀ አገጣጥሞ ያውቃል። አንድ ጊዜ የታየ ጫማ በየገጹ እየተከተለ ብቅ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብሮውዘሮች ለዚህ የሰጡት ምላሽ ይለያያል። ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ይከለክላል። ፋየርፎክስ ከ2022 ወዲህ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ኩኪዎች ለየብቻ ያስቀምጣል። ጉግል በ2020 እነዚህን ኩኪዎች ከክሮም አስወግዳለሁ ብሎ ነበር፤ በ2024 ግን ሐሳቡን ቀየረ። በመሆኑም የክሮም ተጠቃሚ ወደ ሴቲንግ ገብቶ ራሱ መከልከል አለበት።

ከዚህ ያለፈ ጥበቃ የሚሰጡት ኤክስቴንሽን የሚባሉት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ናቸው። ሬይመንድ ሂል የሠራው ዩብሎክ ኦሪጅን በዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ይሠራል፦ ብሮውዘሩ ሊልክ ያሰበውን ጥያቄ ሁሉ ከታወቁ ማስታወቂያዎችና ተከታታዮች (ጎብኚን የሚከታተሉ ኩባንያዎች) መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ ከተገኘ ግንኙነቱ ሳይጀመር ያቋርጠዋል። ኢንተርኔት በጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ያልወረደ ማስታወቂያ ሜጋባይት አይበላም። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የዲጂታል መብት ድርጅት ያዘጋጀው ፕራይቬሲ ባጀር ደግሞ ማስታወቂያን ሁሉ አያግድም፤ ዒላማው በተለያዩ ድረ ገጾች ሰውን የሚከታተሉ ኩባንያዎች ናቸው።

ክሮም የኤክስቴንሽን ደንቡን ስለለወጠ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን በክሮም ላይ አይሠራም፤ ያለው አቅሙ ያነሰው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት ነው። ፋየርፎክስ ግን ሙሉውን ይቀበላል። በአንድሮይድ ስልክ ላይም ክሮም ኤክስቴንሽን አይጭንም፤ ፋየርፎክስ ይጭናል።

ጠባቂው ራሱ መጠበቅ እንዳለበት መዘንጋት አይገባም። ኤክስቴንሽን ተጠቃሚው የሚከፍተውን ገጽ ሁሉ የማየት ፈቃድ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዌብ ኦፍ ትረስት የተባለ ታዋቂ ኤክስቴንሽን የሰበሰበው የተጠቃሚዎች የጉብኝት ታሪክ ለሽያጭ መዋሉን ኤንዲአር የተባለው የጀርመን ብሮድካስት ድርጅት አጋልጧል። ስለዚህ ኤክስቴንሽን ከብሮውዘሩ ይፋዊ መደብር ብቻ መጫን፣ የአዘጋጁን ማንነት ማጣራትና የማይሠራበትን ማስወገድ ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ሥራ ያላቸውን መደራረብም ገጾችን ከማበላሸት በቀር ብዙ አይጠቅምም። አንድ ገጽ አልሠራ ካለ መከላከያውን ለዚያ ገጽ ብቻ ማጥፋት ይበቃል።

እነዚህ መሣሪያዎች ወሰን አላቸው። በአካውንቱ የገባን ሰው ድርጅቱ ያለ ሦስተኛ ወገን ኩኪም ያውቀዋል። የስክሪን መጠንን፣ የፊደል ቅርጾችንና የመሣሪያውን ዓይነት አገጣጥሞ ሰውን የመለየት ዘዴም ሙሉ በሙሉ አይገታም። ያም ሆኖ የሦስተኛ ወገን ኩኪን መከልከል፣ አንድ የታመነ ኤክስቴንሽን መጫንና የቆዩ ኩኪዎችን አልፎ አልፎ ማጽዳት ያለምንም ወጪ የሚሠሩ ሦስት እርምጃዎች ናቸው፤ ለአብዛኛው ተጠቃሚም የክትትሉን ትልቁን ክፍል ይቀንሱለታል።