«ራጅ ካልተነሳ ድርቀቱ አይታወቅም»?

ከዳሞት ጋሌም ሆነ ከሁምቦ ልጅ አዝለው ወላይታ ሶዶ የሚመጡ እናቶች ካርድ አውጥተው ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁት አለ፤ «ራጅ አይነሳለትም ወይ?» ልጁ ካካ ካለ አምስት ቀን አልፎታል፣ ሲያምጥ ያለቅሳል። ራጁ ይነሳል። ውጤቱ ላይ «አንጀት ውስጥ ሰገራ ይታያል» ተብሎ ይጻፋል፤ ቤተሰቡም በሽታው ተገኘ ብሎ ይመለሳል።

ሰገራማ የማን አንጀት ውስጥ የለም? ማታ ስኳር ድንች ወይም ቦዬ የበላ ጤነኛ ልጅም ራጅ ቢነሳ ይታይበታል። ምን ያህሉ «በዛ» እንደሚባል ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ ያንኑ ፊልም አንዱ «ድርቀት» ሲለው ሌላው «ደህና» ይለዋል። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ (NICE) በ2010፣ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት ደግሞ በ2014 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ባወጧቸው መመሪያዎች ተራውን ድርቀት ለመለየት ራጅ እንደማያስፈልግ የገለጹት ለዚህ ነው።

እናቲቱን አልወቅስም። የገበያ ቀኗን አጥታ፣ የመኪና ከፍላ የመጣች ሰው በዓይኗ የምታየው ነገር ብትፈልግ አይፈረድባትም። የሚያናድደኝ እያወቀ «ለማረጋጋት» ብሎ የሚያዘው ሐኪም ነው።

ምክንያቱም ፊልሙ ያዘናጋል። ቶሮንቶ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል «ድርቀት ነው» ተብለው የተሸኙ ልጆች ጉዳይ ተጠንቶ በ2014 ታትሟል፤ ሌላ ከባድ ሕመም ካመለጠባቸው ልጆች 75 በመቶው ራጅ ተነስተው ነበር፤ ከተቀሩት ግን 46 በመቶው ብቻ። ትርፍ አንጀት የታመመ ልጅም ሰገራ አለው።

ድርቀትን የሚለየው ጥያቄና እጅ ነው። በሳምንት ስንቴ ይወጣዋል? ይደርቃል፣ ያመዋል? ሲመጣበት እግሩን አጣምሮ ይይዘዋል? የውስጥ ሱሪው ይቆሽሻል? ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ፦ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ የሚያመልጠውን ቀጭን ፈሳሽ ተቅማጥ ነው ብለው የተቅማጥ መድኃኒት የሚሰጡ፣ ከዚያም ብሶ ልጁን «ሰነፍ» ብለው የሚገርፉ አሉ። ልጁ ግን ማምለጡንም አያውቀውም። ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ፣ ፊንጢጣውንና የጀርባውን አጥንት አይቶ አብዛኛውን ይጨርሳል።

ራጅ ቦታ የለውም አልልም። አንጀት ተዘጋ ተብሎ ሲጠረጠር፣ ሳንቲም ወይም ባትሪ ሲዋጥ ግድ ነው። ሆዱን ለመመርመር ያልተቻለ ልጅም አለ፤ እዚያ ላይ ሐኪሙ ይመዝን።

ስለ ድርቀት የሚነሱ ሌሎቹን የተሳሳቱ ሐሳቦች በአጭሩ። «ትል ነው» ተብሎ የሚሰጠው አልቤንዳዞል ትል ይገድላል እንጂ ሰገራ አያለሰልስም። ሳሙና ቆርጦ በፊንጢጣ ማስገባት ያቆስላል፤ ይቅር። በቂ የሚጠጣን ልጅ ተጨማሪ ውሃ ብቻውን አያድነውም። የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራው ለስላሳ ከሆነና ክብደቱ ከጨመረ ለቀናት ባይወጣውም አያስደነግጥም። ሰገራ ስለሚያለሰልሰው መድኃኒት «ላክቱሎስ ሱስ ያስይዛል» የሚሉም ተሳስተዋል። መድኃኒቱ ቢያንስ ለሁለት ወር ይወሰዳል፤ ልጁ ሁለቴ ስለወጣው ብቻ ሲቋረጥ ድርቀቱ ይመለሳል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ካላወጣ፣ ልጅ አረንጓዴ ካስታወከ፣ ሆዱ ከተወጠረ ወይም ክብደት ካልጨመረ ግን ቤት አትቆዩ፤ የሶዶው ኦቶናም ይሁን ሌላ፣ ቅርብ ወዳላችሁ ሆስፒታል በዚያው ቀን ውሰዱት።