አዲሷ ድመት አልበላ ስትል

ከመንገድ ያነሷት ወይም ከሰው የተቀበሏት ድመት ታማ ቤትዎ ገብታለች እንበል። ሥጋ አቀረቡላት፣ ወተት አቀረቡላት። እሷ ግን ሶፋ ሥር ገብታ ሳህኑን ዞር ብላም አታይም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የምግቡን ዓይነት ይቀያይራል፤ ዶሮ እምቢ ስትል ዓሣ፣ ዓሣ እምቢ ስትል ሰርዲን። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን ለምን እንደማትበላ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ ምግቡ ቀላል ነው።

«ስንት ቀን ልጠብቃት?» ትልቅ ድመት 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ይደውሉ። ሁለተኛው ቀን ከሞላ ይዘዋት ይሂዱ። ገና ጥቂት ሳምንት የሆናት ግልገል ከሆነች ግን ግማሽ ቀን እንኳ ብዙ ነው፤ በደሟ ያለው ስኳር ቶሎ ይወርድና ትዝላለች።

ይህን ያህል የሚያስቸኩለው ጉበቷ ነው። ድመት ምግብ ስታጣ ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ ወደ ጉበት ይልካል። የድመት ጉበት ያን ሁሉ ስብ ቶሎ አይጨርሰውም፤ እዚያው ይከማቻል። ጉበቱ በስብ ሲሞላ ሥራው ይስተጓጎላል። ድዷና የጆሮዋ ውስጠኛ ክፍል ቢጫ ይሆናል፤ በሰው ላይ የወፍ በሽታ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። በተለይ ወፍራም የነበረች ድመት በድንገት መብላት ስታቆም ያሰጋል። እዚህ ከደረሰች ሕክምናው ብዙ ጊዜ ለሳምንታት በቱቦ መመገብ ነው። ወጪውም ድካሙም በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ከማሳየት ጋር አይወዳደርም።

ወደ ምግቡ ከመግባታችን በፊት ስለ ራስዎ ደኅንነት። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፤ ድመትንም ይይዛል። ያነሷት ድመት ለሃጯ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃታት፣ የምትንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት የምትናከስ ከሆነ አፏን ለመክፈት አይሞክሩ። ክፍል ውስጥ ዘግተው ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። ከነከሰችዎ ወይም ከቧጨረችዎ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብለው አይለፉት። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

አሁን ስፍራዋን እናዘጋጅላት። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱን ሁሉ አይልቀቁላት። አንድ ጸጥ ያለ ጠባብ ክፍል ይበቃታል። አንድ ካርቶን በአንድ ጎኑ በር ቆርጠው ያስገቡላት። እ.ኤ.አ. በ2014 የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጠለያ የገቡ ድመቶችን አጥንተው ነበር። መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ ተረጋግተዋል። ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ሙቅ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልለው ከጎኗ ያድርጉላት። መጸዳጃዋ በሰፊ ሳፋ የተደረገ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ሊሆን ይችላል። ከምግቧ ግን ይራቅ፤ ድመት ከምትጸዳዳበት አጠገብ መብላት አትወድም።

የፈራች ድመት ቀን ቀን አትበላም። ሌሊት ሰው ሲተኛ ወጥታ ትበላለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምሽት ምግቡን ከካርቶኑ አጠገብ አስቀምጠው ይውጡ። ጠዋት ሳህኑ ከጎደለ ችግሯ ፍርሃት ነበርና ጊዜ ይፈታዋል። ካልጎደለ የያዛት በሽታው ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ምግቡን ፊቷ አስቀምጠው ትንሽ ራቅ ይበሉ። ሳህኑ ላይ ቆማ ምንም እንዳልቀረበላት ሁሉ ዝም የምትል ከሆነ፣ አፍንጫዋም ንፍጥ ደርቆበት ከሆነ፣ ምግቡ አልሸተታትም። ቀርባ አሽትታ አንዴ ነክሳ፣ ጮኻ ወይም አንገቷን አጣማ ወደኋላ የምትል ከሆነ አፏ ውስጥ ቁስል ሊኖር ይችላል። ምግቡ ገና ሲሸታት ከንፈሯን ደጋግማ የምትልስ፣ ምራቋን የምትውጥና ፊቷን የምታዞር ከሆነ ደግሞ ያቅለሸልሻታል። እነዚህ ሦስቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ከመንገድ በመጡ ድመቶች ላይ እጅግ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው። የድመት ጉንፋን የሚባል አለ፤ በዋናነት ሁለት ቫይረሶች ያመጡታል። ወደ ሰው አይተላለፍም ማለት ይቻላል፤ ከድመት ወደ ድመት ግን በፍጥነት ይዛመታል። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለዎት ክፍላቸውንም ሳህናቸውንም ይለዩ፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሄዱ እጅዎን ይታጠቡ። ድመት የመብላት ፍላጎቷ የሚቀሰቀሰው በአፍንጫዋ ነው። አፍንጫዋ ሲደፈን ረሃቡም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ከምግቡ በፊት አፍንጫው ይጸዳ። ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን ይግዙ፤ ለቁስል ማጠቢያም የሚያገለግል ንጹሕ የጨው ውኃ ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ለብ አድርገው ጥጥ ይንከሩበት። የደረቀውን ንፍጥ አይፋቁት፤ ጥጡን ለጥቂት ጊዜ አስደግፈው ሲርስ በቀስታ ይጥረጉት። ዓይኗም ከተጣበቀ እንዲሁ፣ ለየዓይኗ ሌላ ጥጥ።

ቀጥሎ እንፋሎት። ሻወር ቤት ሙቅ ውኃ ከፍተው በሩን ዘግተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብረዋት ይቀመጡ። ሙቅ ሻወር ከሌለ የፈላ ውኃ በድስት አድርገው በጠባቡ ክፍል፣ እሷ ልትደርስበት በማትችልበት ቦታ ያኑሩት። በቀን ሁለቴ ይበቃል። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። እኛ ለጉንፋን ባሕር ዛፍ እንታጠናለን፣ ቪክስ እንቀባለን። ለድመት ሁለቱም መርዝ ናቸው። እንፋሎቱ ባዶ ውኃ ብቻ ይሁን። ዕጣንም ለጊዜው ከእሷ ክፍል ይራቅ፤ ጭሱ የቆሰለ አፍንጫዋን ይቆጠቁጠዋል።

አፍንጫዋ እንደተከፈተ ወዲያው ለብ ያለ ምግብ ያቅርቡ። ከፍሪጅ የወጣ ምግብ አይሸታትም፤ ሙቀት ሲያገኝ ነው ሽታው የሚወጣው። ልኩ የሰውነቷ ሙቀት ያህል፣ ወደ 38 ዲግሪ ነው። በእጅ አንጓዎ ቢነኩት የማያቃጥል፣ የማይቀዘቅዝ። ስኳር ወይም ማር ጨምሮ ማባበል አይጠቅምም። ድመት ጣፋጭ የሚለየው የምላስ ክፍል አይሠራላትም፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 በዘር ምርመራ ተረጋግጧል።

አፏ የቆሰለ ከሆነ ሥጋውን ሙክክ አድርገው ቀቅለው በመረቁ ይፍጩት፤ ሳትነክስ ልትልሰው እንድትችል። የሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋታል፤ እሱን የሚያዝላት ግን የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው። ፓራሲታሞል ወይም ፓናዶል በፍጹም አይስጡ። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ከሰውነቷ የሚያስወግድበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ደሟን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ አንድ ፍሬ ብቻ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አይሰጡም።

የሚያቅለሸልሻት ከሆነች ምግቡን አፍንጫዋ ሥር አይተዉት። ሽታውን ከሕመሟ ጋር ታያይዘውና ከዳነች በኋላም ያንን ምግብ ትጠላለች። በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልነካችው ያንሱት። ሐኪሙ ማቅለሽለሹን የሚያስታግስ መርፌ ይሰጣታል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ በራሳቸው ወደ ሳህኑ ይመጣሉ።

«ታዲያ ምን ላብላት? ስንትስ ያስወጣኛል?» ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 160 ካሎሪ ገደማ ትፈልጋለች። ይህ 100 ግራም ያህል የተቀቀለ የዶሮ ደረት ሥጋ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሲቀቀል ስለሚቀንስ አንድ ሳምንት ያህል ይዘልቅላታል። በሰፈርዎ ያለውን የዶሮ ሥጋ ዋጋ በዚህ ያሰሉት። ከውጭ የሚመጣው የታሸገ የድመት ምግብ ሽታው ይስባታል፣ የተሟላም ነው፤ ግን ከሱፐርማርኬት ውጭ እምብዛም አይገኝም፣ ዋጋውም ይጠናል። አንድ ጣሳ ገዝተው በዶሮው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ እየጨመሩ ለቀናት ማዝለቅ ይችላሉ። የቀረውን በክዳን ዕቃ አድርገው ፍሪጅ ያስገቡት፤ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አያቆዩት። ሰርዲንም ለዚሁ ያገለግላል፤ ዘይትና ጨው ስለሚበዛበት አጥልለው በማንኪያ ጫፍ ብቻ።

ዶሮው ሲቀቀል ጨው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ አይገባበትም። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስለዚህ ከወጥ የወጣ ሥጋ በውኃ ቢታጠብ እንኳ አይሆናትም። ወተትም ይቅር፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ድመቶች አይፈጩትም፣ ያስቀምጣቸዋል። ያላትን ጥቂት ውኃም ያስወጣባታል።

ብዙ ቀን የተራበች ድመት በአንድ ጊዜ ትጥገብ አይባልም። የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት በፍጥነት ይወርዳሉ፤ ልብ ሊደክም ይችላል። በመጀመሪያው ቀን የልኳን ሩብ፣ ማለትም 25 ግራም ያህል፣ አራትና አምስት ቦታ ከፍለው ይስጡ። በሦስት በአራት ቀን ቀስ እያሉ ወደ ሙሉው ያድርሱት።

«ጾም ቢሆንስ?» ይህ በብዙ ቤት ይነሳል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ድመት ግን ከቤተሰቡ ጋር ልትጾም አትችልም። ሽሮና ምስር ሆዷን ይሞሉ እንደሆነ እንጂ ታውሪን የላቸውም። ታውሪን ከሥጋና ከዓሣ ብቻ የምታገኘው ንጥረ ነገር ነው። ሲጎድላት ዓይኗ ይታወራል፣ ልቧ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1987 ፖል ፒዮን የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህን የልብ ድካም በታውሪን መመለስ እንደሚቻል አሳይቷል። ፍሪዘር ካለዎት ከቅበላ በፊት ዶሮውን ቀቅለው የየቀኑን በትንንሽ ፌስታል ያስቀምጡ። ከሌለ የተቀቀለ እንቁላልና ጥቂት ሰርዲን ያሻግሯታል፤ የሙስሊም ሥጋ ቤቶችም ክፍት ናቸው። ለእሷ አንድ ትንሽ ድስትና ቢላ ለይተው ቢይዙ የጾም ዕቃዎ አይነካካም። ታውሪን ሲቀቀል ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አይድፉት፤ በምግቡ ላይ ያፍስሱላት።

«አፏን ከፍቼ ላጉርሳት?» አይሆንም። በፍቅር የምናደርገው ስለሆነ መተው ይከብዳል፤ ነገር ግን በግድ የገባ ምግብ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችላል። ደግሞም እርስዎን መፍራት ትጀምራለች። ጥቂት መረቅ በጣትዎ ከንፈሯ ላይ መቀባት በቂ ነው፤ ትልሰዋለች፤ አንዳንዴ ያ ብቻ ፍላጎቷን ይቀሰቅሰዋል። በሲሪንጅ መመገብ ካስፈለገ ሐኪሙ አቀማመጧንና መጠኑን አሳይቶዎት ይሁን።

ክሊኒክ ሲሄዱ ወጪው በአንድ ቁጥር አይመጣም። ካርድ፣ ምርመራ፣ መርፌ፣ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይታሰባል። አስቀድመው ጠቅላላውን ይጠይቁ፤ አቅምዎንም በግልጽ ይናገሩ። ጥሩ ሐኪም ከሁሉ የሚቀድመውን ይመርጥልዎታል፤ ብዙውን ጊዜ ፈሳሹ፣ ማስታገሻውና የማቅለሽለሽ መርፌው ይቀድማሉ። ሚርታዛፒን የተባለ ምግብ የሚያስወድድ መድኃኒትም ሊያዝላት ይችላል። ይህ ለሰው የድባቴ መድኃኒት ሆኖ የሚሸጥ ነው፤ የድመቷ መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከፋርማሲ ገዝተው በግምት አይስጡ። ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሊጠይቁ ይችላሉ።

መሻሻሏን በምን ያውቃሉ? በሚዛን። እሷን ታቅፈው ይመዘኑ፤ ቀጥሎ ለብቻዎ ይመዘኑና ልዩነቱን ይጻፉ፤ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ። የምትበላውን በግራም፣ ሽንቷንና ሰገራዋን በየቀኑ ይመዝግቡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው። ውኃዋ ከምግቡ ጋር ተደምሮ በቀን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሁን፤ መረቁ እዚህ ላይ ብዙ ያግዛል።

በራሷ ፈቃድ ሙሉ ልኳን ሳምንት ከበላች ወደ ቋሚ ምግቧ ያሸጋግሯት። የተቀቀለ ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚጎድለው ከሁለት ሳምንት በላይ አይበቃትም። የተሟላ ደረቅ ምግብ ከመረጡ በመጀመሪያው ቀን አንድ እጅ ደረቁን ከሦስት እጅ ዶሮ ጋር ቀላቅለው ይጀምሩና በሳምንት ውስጥ ያገላብጡት። የትል መድኃኒቷንና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም በዚያው ሰሞን ያስይዙላት፤ ሐኪሞች ክትባቱን ትኩሳቷ ጠፍቶ በደንብ ስትበላ መስጠት ይመርጣሉ።