ከአዝመራ በፊት ጎተራን ማደስ

መግቢያ

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎችና በጎንደር ከተማ ዙሪያ ብዙ ገበሬዎች እህላቸውን የሚያከማቹት ራሳቸው በሠሩት ጎተራ ወይም ጎታ ነው። ጎተራ ከልምጭ ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃና በጭድ የሚመረግ፣ በሣር የሚከደንና በደጅ የሚቆም ማከማቻ ሲሆን፣ ጎታ ደግሞ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የሚበጅ የቤት ውስጥ ማከማቻ ነው። ሁለቱም በአካባቢው በሚገኝ ዕቃ ስለሚሠሩ ወጪያቸው አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ካልታደሱ የነቀዝ፣ የአይጥና የሻጋታ መኖሪያ ይሆናሉ።

ዓመቱን ሙሉ የተደከመበት እህል በጎተራ ውስጥ ሲበላሽ ቤተሰቡ በክረምት ይቸገራል፤ ለዘር የተቀመጠውም በሚገባ አይበቅልም። ነቀዝ የፈራ ገበሬም እህሉን ዋጋው ሳይጨምር እንደ ወቃ ለመሸጥ ይገደዳል። ስለዚህ የጎተራ ዕድሳት እንደ አንድ የእርሻ ሥራ ተቆጥሮ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።

1. ዕድሳቱ የሚሠራበት ጊዜ

ለዚህ ሥራ አመቺው ወር ጥቅምት ነው። ዝናቡ ስለሚያባራ ምርጊቱ በፀሐይ ይደርቃል፤ አብዛኛው የመኸር እህልም ገና አልተወቃም። እርጥብ ምርጊት ባለው ጎተራ እህል ማስገባት ሻጋታን ያስከትላል።

2. ነቀዝ የሚራባበት ሁኔታ

እናቲቱ ነቀዝ የእህሉን ፍሬ በስታ እንቁላሏን ውስጥ ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍናለች። ትሉ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ስለሚያድግ እህሉ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። ሙቀቱ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቦታ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ነቀዝ ያለው ዕድገት 5 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ቅዝቃዜ ሲጨምር ጊዜው ይረዝማል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ደግሞ መራባቱ የቆመ ያህል ይሆናል። በደምቢያና በሌሎች ሞቃታማ ቦታዎች ማሽላና በቆሎ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ገብስ ይልቅ ቶሎ የሚነቅዙት በዚህ ምክንያት ነው። ጤፍ ግን ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ሊያድግበት አይችልም። በደጋውም ቢሆን አይጥና እርጥበት ስለማይቀሩ ዕድሳቱ መዘለል የለበትም።

3. ጽዳትና ምርጊት

በመጀመሪያ የቆየው እህል በሙሉ ይወጣል። አሮጌው ከአዲሱ ጋር ከተደባለቀ ነቀዙ ወደ አዲሱ ይሸጋገራል። የጎተራው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ይጠረጋል፤ ጥራጊውም ከጎተራው ርቆ ይቃጠላል። ክዳኑ ተነሥቶ ጎተራው ለጥቂት ቀናት ፀሐይ እንዲገባው ይደረጋል።

ቀጥሎ ስንጥቅ ሁሉ ይፈተሻል። ነቀዝ በጠባብ ስንጥቅ ተደብቆ እስከሚቀጥለው አዝመራ ሊቆይ ይችላል። የላላው ምርጊት ተፍቆ ይወርዳል፤ ቦታው በውኃ ይርሳል። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ ቶሎ ስለሚመጠው ምርጊቱ ሳይያያዝ ይሰነጠቃል። ለምርጊት የሚሆነው ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀናት እንዲብላላ ይተዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ የሚታዩት ስንጥቆች እበት በተቀላቀለበት ቀጭን ጭቃ ይለሰናሉ። ከዚያም ሁለትና ሦስት ሳምንት ያህል ይደርቃል።

4. እግርና የአይጥ መከላከያ

የጎተራው ወለል ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እግሮቹ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቢቆሙ ከምስጥና ከመበስበስ ይድናሉ። የጽድና የወይራ እንጨት ምስጥን ከባሕር ዛፍ በተሻለ ይቋቋማል።

አይጥ በእግሮቹ ላይ እንዳትወጣ ከቆርቆሮ ወይም ከአሮጌ በርሜል መከላከያ ይሠራል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

ሀ. ዳር ለዳር 70 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ቆርቆሮ ይቆረጣል።
ለ. ከዳር እስከ መካከል አንድ መስመር ይቀደዳል፤ መካከሉም በእግሩ ውፍረት ልክ ይበሳል።
ሐ. እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ጫፍና ጫፉ ጥቂት ይደራረባል፤ እንደ ተደፋ እንቅብ ወደ ታች ያጎነብስና በሚስማር ይመታል።
መ. ከመሬት 80 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ከእግሩ ጋር ክፍተት እንዳይኖረው ይደረጋል።

መሰላል ተደግፎ ከቀረ፣ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍና የቤት ግድግዳ ጎተራውን ከነካ መከላከያው ዋጋ የለውም። ጎተራው ከእነዚህ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

5. ክዳን

የጎንደር ነገሥታት ግንቦች በድንጋይና በኖራ ስለተሠሩ ዝናብን ችለው ዘመናት ቆይተዋል። የጭቃ ምርጊት ግን ውኃ አይችልም። ስለዚህ የሣር ክዳኑ ዙሪያውን ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ማለት አለበት። የሳሳው ቦታም በአዲስ ሣር ይሞላል።

6. የእህሉን መድረቅ ማወቅ

ጎተራው ቢታደስም እርጥብ እህል ከገባበት ይበላሻል። ለመፈተን ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ድረስ እህል ይደረግበታል፤ ጥቂት የደረቀ ጨው ተጨምሮ፣ ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ ይናጣል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ስለሆነ ተመልሶ ይሰጣል።

7. ስለ መድኃኒት ማስጠንቀቂያ

ፎስቶክሲን የሚባለው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ጎተራና ጎታ አየር ያስገባሉ፤ ስለዚህ ጋዙ ነቀዙን በሚገባ ሳይገድል ይወጣል፤ በዚያው ቤት የተኛውን ቤተሰብ ግን ሊገድል ይችላል። ማንም ሰው ይህን ክኒን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ባለ ጎታ ወይም ከረጢት መጠቀም የለበትም። ለማሳ የተዘጋጀ ፀረ ተባይም ከሚበላ እህል ጋር አይቀላቀልም።

ከዚህ ይልቅ ሦስት ንብርብር ያለው ፒክስ የተባለ ከረጢት አለ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለአተር መሰል ጥራጥሬ የተጀመረ ነው። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ተራ በተራ በጥብቅ ሲታሰሩ ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። አይጥ ከቀደደችው ግን አይሠራም፤ ስለዚህ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ማጠቃለያ

ጎተራው እህል ከገባበት በኋላም በየሁለት ሳምንቱ ይፈተሽ። እጅ እህሉ ውስጥ ሲገባ ሙቀት ከተሰማ፣ ዱቄት ከታየ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ እህሉ ወጥቶ ይሰጣል፤ ይበጠራል። የሻገተውም ለሰውም ሆነ ለከብት አይሰጥም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በጥቅምት ጥቂት ቀን የተሠራ ሥራ የዓመት ቀለብንና ዘርን ያድናል። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልግ በቀበሌው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ይጠይቅ።