ጋዜጠኛ በዘገበው ሊከሰስ ይገባል? ከአትላንታ የተባረረው ማሪዮ ጉቬራ ጉዳይ

የአትላንታው ቡፎርድ ሃይዌይ ግራና ቀኙ የስደተኞች ሱቅና ምግብ ቤት ነው። በከተማዋ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ የኢሚግሬሽን ፖሊስን አሰሳ በመዘገብ የታወቀው ኤል ሳልቫዶራዊው ማሪዮ ጉቬራ፣ ሰኔ 7/2017 ዓ.ም በዲካልብ ካውንቲ የተቃውሞ ሰልፍ በቀጥታ ሲያሠራጭ ተያዘ። ክሶቹ ቢነሡለትና ዳኛ በ7,500 ዶላር ዋስ እንዲለቀቅ ቢፈቅዱም፣ የመንግሥት ጠበቆች ፖሊሶችን እየቀረጸ ማሠራጨቱ አደጋ ነው ሲሉ ተከራከሩ። መስከረም 23/2018 ዓ.ም ተባረረ።

የተባረረው ግን በኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ሌላ ሕግ መጥቀስ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ እስክንድር ነጋ በ2004 ዓ.ም 18 ዓመት የተፈረደበት በፀረ ሽብር አዋጅ ነበር።

ጉቬራ የቀረጸው በአደባባይ የሚታየውን ነው። ምሥጢራዊ ሰነድ ቢሆንስ? በ1971 (እአአ) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት ኒው ዮርክ ታይምስን የቬትናም ጦርነት ሰነዶችን ከማተም ሊያግደው እንደማይችል ወሰነ። ከታተመ በኋላ መክሰስ ይቻል እንደሆነ ግን እልባት አልሰጠም። ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ የገባው ባለሥልጣኑ እንጂ ሰነዱ የደረሰው ጋዜጠኛ አይደለም የሚለው መከራከሪያ ሚዛን ይደፋል። የ1917ቱ የስለላ ሕግ ግን ለጋዜጠኛ የተለየ ከለላ አይሰጥም። ጁሊያን አሳንጅ በ2024 ጥፋተኝነቱን ያመነው በዚሁ ሕግ ነው።